እየመሩ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ ማስገባት፦ አሰልጣኝ በጨዋታ መሀል ማንን፣ መቼ፣ ምን አይቶ ይቀይራል?

ጥያቄው፦ ጠያቂያችን ኮምቦልቻ ውስጥ የወጣቶች ቡድን ያሠለጥናሉ። ቡድናቸው ደሴ ወጥቶ ባደረገው ጨዋታ በ4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) አሰላለፍ ገብቶ እስከ 68ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 ሲመራ ነበር። በዚያች ደቂቃ የፊት አጥቂውን አስወጥተው ሦስተኛ የመሀል ተከላካይ አስገቡ፤ ሁለቱን የመስመር አጥቂዎችም ወደ አማካይ መስመር ሳቧቸው። በ71ኛው አንድ አማካይ፣ በ74ኛው የግራ መስመር ተከላካዩን ቀየሩ። በ79ኛው ደቂቃ አቻ የምታደርገው ጎል ተቆጠረችባቸው። በ81ኛው የቀኝ መስመር ተጫዋቻቸውን ክራምፕ (የጡንቻ መኮማተር) ያዘው። ሁለት ተጫዋች የመቀየር መብት ቢቀራቸውም አራተኛ ዳኛው "ከእንግዲህ ጨዋታ አስቁማችሁ መቀየር አትችሉም" አላቸው። ልጁ እያነከሰ ቀጠለ፤ በ88ኛው ሁለተኛው ጎል በእሱ በኩል ገባ። "ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ ዕድል? አሰልጣኝ ማንን፣ መቼ፣ ምን አይቶ ነው የሚቀይረው? የወጣው አጥቂም እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው" ይላሉ።

ምላሽ፦

አሰልጣኝ፣ ለዋናው ጥያቄ ቀጥታ ልመልስ። የጎዳዎት ተከላካይ ማስገባትዎ አይደለም፤ በእሱ ምትክ ያስወጡት ሰው ነው። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ጨዋታ አስቁሞ የመቀየር ሦስቱን ዕድሎች በስድስት ደቂቃ ውስጥ አንድ በአንድ መጨረስዎ ነው። ሁለቱም የሚታረሙ ናቸው፣ ዕድል የሚባል ነገር ብዙም የለበትም።

እየመራ ያለ ቡድን የፊት አጥቂ ዋና ሥራው ሁለተኛ ጎል ማግባት አይደለም። ከኋላ ተጠልዞ የመጣውን ኳስ በደረቱ አብርዶ፣ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ አራት አምስት ሰከንድ ይዞ መቆየት ነው። በዚያች አምስት ሰከንድ የኋላ መስመርዎ ከራሱ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል አሥር አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፣ አማካዮችዎ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ጥፋት ከተሠራበት ቅጣት ምት ታገኛላችሁ፤ ኳሱ ወደ ውጭ ቢወጣ እንኳ የእጅ ውርወራ አለ። እሱ በሌለበት ግን ተከላካይዎ የጠለዛት ኳስ ከተጋጣሚው የመሀል ተከላካይ እግር ሥር ትወድቃለች። እሱም የሚጫነው ሰው ስለሌለ ቀና ብሎ አይቶ፣ ተረጋግቶ መልሶ ይልካታል። ልጆችዎ ገና ከመስመራቸው ሳይወጡ ሌላ ኳስ ይመጣባቸዋል።

ሒሳቡን እንየው። ፊት አንድ አጥቂ ካለ ተጋጣሚ ሁለት የመሀል ተከላካዮችና አንድ የተከላካይ አማካይ ለጥንቃቄ ኋላ ይተዋል፤ በሰባት ሰው ያጠቃል። ፊት ማንም ከሌለ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ በዘጠኝ ያጠቃል። እርስዎ አንድ ተከላካይ ሲጨምሩ እነሱ ሁለት አጥቂ ጨመሩ ማለት ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ በየሜዳው የሚታይ ነገር ነው።

ታዲያ ሦስተኛ የመሀል ተከላካይ ፈጽሞ አይገባም? ይገባል። ተጋጣሚ ሁለተኛ ረጅም አጥቂ አስገብቶ ከሁለቱም መስመር ማሻማት ሲጀምር፣ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮችዎ አንድ ለአንድ ይቀራሉ፤ ያኔ ሦስተኛው ያስፈልጋል። የሚወጣው ግን አጥቂው ሳይሆን ከሦስቱ አማካዮች አንዱ ነው። የመስመር አጥቂዎቹ ዝቅ ሲሉ 5-4-1 ይሆናል፣ ፊት ያለው "1" ይቀራል። የደከመ ከሆነ በሌላ አጥቂ ይተኩት እንጂ ቦታውን ባዶ አያድርጉት። ያ ተተኪ አጥቂ ጎበዝ መሆኑ እንኳ ግድ አይደለም፤ ፈጣን ከሆነና ኳስ ሲጠለዝ ወደ ጥግ የሚሮጥ ከሆነ የተጋጣሚን ሁለት ሰው ኋላ ያስቀራል።

አሁን ስለ ሦስቱ ዕድሎች። ሕጉ አምስት ተጫዋች መቀየር ይፈቅዳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ለጊዜው ተጀምሮ በ2022 ቋሚ የሆነ ነው። ጨዋታውን አስቁሞ መቀየር የሚቻለው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ እረፍት ላይ የሚደረገው አይቆጠርም። ብዙ አሰልጣኝ የሚቆጥረው የቀሩትን ተጫዋቾች ነው፣ ቶሎ የሚያልቀው ግን የማስቆሚያ ዕድሉ ነው። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ጊዜ ቢቀይሩ ለሁለቱም አንድ አንድ ይቆጠራል፤ "ያስቆሙት እነሱ ናቸው" የሚል ክርክር አያዋጣም። ለውሃ በቆመበት ጊዜ የሚደረግ ቅያሪም ይቆጠራል። ወደ ተጨማሪ ሰዓት ከተሄደና የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ አንድ ተጨማሪ ተጫዋችና አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል፣ ያልተጠቀሙበትም ይሸጋገራል።

የወጣቶችና የታችኛው እርከን ውድድሮች የራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። ሕጉ በእነዚህ ውድድሮች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ከፈቀደ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ እንኳ በር ይከፍታል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት በሚደረገው ስብሰባ ሦስት ነገር ጠይቀው በወረቀት ይያዙ፦ ስንት ተጫዋች፣ በስንት ማስቆም፣ የወጣ ይመለሳል ወይ። ይህን ሳያረጋግጥ ሜዳ የሚገባ አሰልጣኝ ብዙ ነው።

እኔ የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው። እረፍት ላይ የሚደረገው ነጻ ስለሆነ፣ ቢጫ ካርድ ያለበትና ፈጣን የመስመር ተጫዋች የሚገጥመው ተከላካይ ካለ፣ ወይም ከ35ኛው ደቂቃ ጀምሮ የተንገዳገደ ልጅ ካለ እዚያው ይጨርሱት። የመጀመሪያዋን ማስቆሚያ በ58ኛውና በ65ኛው ደቂቃ መካከል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ። ሁለተኛዋን በ72ኛውና በ76ኛው መካከል። የመጨረሻዋን ከ80ኛው በፊት አይንኳት፤ እሷ የጉዳትና የክራምፕ ናት። በእርስዎ ጨዋታ የ71ኛውና የ74ኛው ቅያሪዎች በአንድ ማስቆም ቢደረጉ ኖሮ በ81ኛው ደቂቃ ያ ልጅ ይቀየር ነበር።

ሰዓቱ ግን መመሪያ እንጂ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ማንንም ከማስነሳትዎ በፊት ለረዳትዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፦ "ኳስ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ምክንያት እየሄደብን ነው፤ ይህ ልጅ ሲገባ ይህ ይቆማል፤ በምትኩ እዚያ ይከፈታል።" ሦስተኛውን ክፍል መሙላት ካቃተዎት ገና አልጨረሱም። የማይከፍት ቅያሪ የለም፤ የሚከፈተውን አውቆ መምረጥ ነው የአሰልጣኙ ሥራ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመሙላት ማየት ያስፈልጋል፤ ዓይን ደግሞ ያታልላል። አሰልጣኝ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን አስደንጋጭ ሙከራ ነው። ስለዚህ ለረዳትዎ ወይም ለማይጫወት አንድ ልጅ አንድ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጡ። ወረቀቱን ወደ ጎን በስድስት ዓምድ ይክፈሉት፣ እያንዳንዱ ዓምድ 15 ደቂቃ። ወደ ታች አራት ረድፍ፦ ኳስ የተነጠቅንበት ቦታ (ኋላ፣ መሀል፣ ፊት)፤ ከቀኛችን የተሻማብን፤ ከግራችን የተሻማብን፤ ተጠልዞ ወይም በግንባር ተገጭቶ የወደቀውን ሁለተኛ ኳስ ማን ወሰደው። በየክስተቱ አንድ ጭረት ብቻ። ጽሑፍ አያስፈልግም፣ ሲጽፍ ጨዋታው ያመልጠዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አጋጣሚ አይደለም፤ ያ ነው የሚቀየረው። ከግራ በኩል አራት ጭረት፣ ከቀኝ አንድ ካለ መልሱ መሀል ላይ የለም፣ ግራ መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከግራ ሲሻማ ሁሉም የግራ ተከላካዩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን የደከመው ከፊቱ ያለው የመስመር አጥቂ ነው፤ መመለስ ስላቃተው ተከላካዩ ብቻውን ሁለት ሰው ይገጥማል። እርስዎ በ74ኛው ደቂቃ ተከላካዩን ቀይረዋል፤ ከፊቱ የነበረው ልጅ 90 ደቂቃ ሙሉ ቆይቷል። አዲሱ ተከላካይም ያው ሁለት ሰው ነው የጠበቀው።

ድካምን ለማየት ደግሞ ሩጫ አይመልከቱ፤ ኳስ ሲመጣለት ሁሉም ይሮጣል። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሦስት እርምጃዎች ይመልከቱ። ልጁ ዞሮ ወዲያው ከሮጠ ጉልበት አለው። ቆሞ ካየ፣ ከተራመደ፣ እጁን ወገቡ ላይ ካደረገ አልቋል፣ እሱ ራሱ ሳያውቀው። ሌላው ምልክት ዘግይቶ የሚደርስ ጥፋት ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ ይነካ የነበረ አማካይ አሁን ቁርጭምጭሚት መንካት ከጀመረ ቢጫው ከመምጣቱ በፊት ይውጣ። ክራምፕም እንዲሁ ድንገት አይመጣም፤ ከመውደቁ አሥር ደቂቃ በፊት ልጁ ባትውን ሲያሻሽ፣ ካልሲውን ሲያወርድ፣ ኳስ በቆመ ቁጥር እግሩን ሲዘረጋ ይታያል።

ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ቡድን ይህ ጉዳይ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። በሐረጎ ሽቅብ አንድ ጠዋት 650 ሜትር ያህል ወጥታችሁ፣ ከሰዓት ትጫወታላችሁ። ከ1,500 ሜትር በላይ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 6 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የሚታየው በአንድ ሩጫ ላይ ሳይሆን በሁለት ሩጫዎች መካከል ነው፤ ከፈጣን ሩጫ በኋላ ትንፋሽ ለመመለስ ጊዜ ይረዝማል። የአንድ ጠዋት ጉዞ ደግሞ ሰውነትን አያላምድም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከ2,500 ሜትር በላይ እንዳይደረግ ከልክሎ፣ ወዲያው ገደቡን ወደ 3,000 ከፍ አድርጎ፣ በ2008 እንዳነሳው ያስታውሳሉ፤ ደሴ ያ የመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት።

ስለዚህ ደሴ ላይ ሲጫወቱ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ሜዳውን ሙሉ ጫና አይጫወቱ። መሀል ሜዳ ላይ ጠብቁ፣ ጫና የምታደርጉት ተጋጣሚ ኳሱን ወደ መስመር ሲያወጣ ብቻ ይሁን። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስም ይረዝማል፤ የመሀል ተከላካዮችዎ የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ ሲመታ ቤታቸው ከለመዱት አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ። የሚያሻሙ ልጆችዎም ኳሷ ከሁሉም ራስ በላይ እያለፈች ስታስቸግራቸው ጥፋቱ የእግራቸው ስላልሆነ፣ ሰውነት ሲያሟሙቁ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ኳስ አሻምተው ርቀቱን ይለኩ። ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ ይበርዳቸዋል። ኮምቦልቻ ላይ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ማሟሟቅ ደሴ ላይ ስምንትና አሥር ይፈልጋል፣ መጨረሻው ላይም ሦስት አጫጭር ፈጣን ሩጫ ይኑርበት። ሳይሞቅ የገባ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከወጣው የባሰ ይደክማል።

ልጁን ስታስገቡ የምትነግሩት ነገር ከሁለት አይብለጥ። አንደኛው ኳስ ሲኖረን የት እንደሚቆም፣ ሁለተኛው ማዕዘን ምት ሲመታብን ማንን እንደሚይዝ። የኋለኛው በጣም ይረሳል። የወጣው ልጅ በማዕዘን ምት ጊዜ የሚይዘው ሰው ነበረው፤ የገባው ካልተነገረው ያ ሰው ነጻ ነው። ስለዚህ ማዕዘን ምት ሊመታባችሁ ሲል፣ የተጎዳ ከሌለ በስተቀር፣ አይቀይሩ። አንድ ደቂቃ ይታገሱ፤ ኳሱ ተጠልዞ ሲወጣ ያስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 እየመራ በጭማሪ ደቂቃ ሁለት ጎል የተቆጠረበት ከሁለት ማዕዘን ምቶች በኋላ ነው፤ ሁለቱንም ያገቡት የማንችስተር ዩናይትዶቹ ሼሪንግሃምና ሶልሻየር ደግሞ ተቀይረው የገቡ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለማዕዘን ምት የሚሰጠው ትኩረት ከአሰላለፉ በላይ ዋጋ አለው።

ሰዓት ስለመግፋትም አንድ ቃል። ግብ ጠባቂው ኳስ አቅፎ እንዲተኛ የምትነግሩት ከሆነ ይተው። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ ማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች በእጁ ያሳያል። ሰዓት የሚገፋው ተጋጣሚ ሜዳ ጥግ ላይ ነው፣ ለዚያም ያው አጥቂ ያስፈልጋል።

ስትመሩም ስትቀደሙም መርሁ አንድ ነው፤ ሲቀደሙ ግን ፈተናው በተቃራኒው ይመጣል፣ አጥቂ በአጥቂ ላይ መደረብ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል በእረፍት 3 ለ 0 እየተመራ አሰልጣኝ ራፋኤል ቤኒቴዝ ያስገቡት ሌላ አጥቂ አልነበረም፤ የቀኝ ተከላካዩን ፊናንን አስወጥተው የተከላካይ አማካዩን ዲትማር ሐማንን አስገቡ። ችግሩ ጎል ማጣት ሳይሆን የተጋጣሚው የኤሲ ሚላን አማካይ ካካ መሀል ላይ የሚይዘው አጥቶ እንደልቡ መጫወቱ ነበርና። ሐማን ያን ቦታ ሲዘጋ ጄራርድ ወደ ፊት ለመውጣት ተፈታ። በ54ኛው፣ በ56ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ሦስት ጎል ተቆጠረ፣ ዋንጫውም በፍጹም ቅጣት ምት ተወሰደ። ሦስት ጎል እየተመሩ የመከላከል አማካይ ማስገባት ከውጭ ሲታይ እብደት ይመስላል፤ ችግሩን በስሙ ለጠራ ሰው ግን ግልጽ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት የሚመራ ቡድን ሳይሆን የሚቀደም ቡድን የመጀመሪያውን ቅያሪ ከ58ኛው፣ ሁለተኛውን ከ73ኛው፣ ሦስተኛውን ከ79ኛው ደቂቃ በፊት ቢያደርግ ይጠቅመዋል ብሏል። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ደቂቃ የለም ሲል ተከራክሯል። ለእርስዎ የሚበጀው ግን ከሁለቱም የሚወጣው ነው፦ በ85ኛው ደቂቃ የገባ ልጅ ኳስ የሚነካው ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነውና፣ ለውጥ ከፈለጉ ጊዜ ይስጡት።

ቀይ ካርድ ሲመጣ ያለውን ለማሳየት ከሁላችን ትዝታ የማይጠፋ ምሳሌ አለን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት እ.ኤ.አ. የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከዛምቢያ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተቀያሪ ግብ ጠባቂ ለማስገባት አንድ የሜዳ ተጫዋች መሠዋት ግድ ሆነባቸው። ዋልያዎቹ አሥር ሆነው 1 ለ 0 ከተመሩ በኋላ፣ በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። በአራት ቀን ልዩነት ከቡርኪና ፋሶ ጋር ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ 1 ለ 0 እየተመራን የእነሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ወጣ፣ እኛ አሥራ አንድ እነሱ አሥር ሆንን፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ተቆጥሮብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሰው የጎደለበት ቡድን ቦታውን ያጠባል፣ ሥራው ቀላል ይሆንለታል፤ ሰው የበለጠ ቡድን ሲቸኩል ኋላውን ይገልጣል። አሥር ከሆኑ 4-4-1 ይሁኑ፣ ያችን "1" አሁንም አያጥፏት። ተጋጣሚ አሥር ከሆነ ሜዳውን ያስፉ፣ ኳስ ከመስመር ወደ መስመር ያዙሩ፣ ሁልጊዜም ሦስት ሰው ከኳስ ኋላ ይቅር።

የመጨረሻዋን ቅያሪ ማቆየት ዋጋ እንዳለውም፣ አደጋ እንዳለውም በአንድ ጨዋታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የኔዘርላንድስ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል ከኮስታሪካ ጋር ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ግብ ጠባቂውን ሲለሰንን አስወጥተው ቲም ክሩልን ለፍጹም ቅጣት ምት አስገቡ፤ ክሩል ሁለት አዳነ፣ ኔዘርላንድስ 4 ለ 3 አለፈች። በ110ኛው ደቂቃ አንድ ተጫዋች ቢጎዳ ግን ያ ዕቅድ ይፈርስ ነበር። ቀድሞ የተወሰነ፣ ዋጋውም የተመዘነ ውሳኔ ነበር።

"ዕድል ነው ወይ" ላሉት ደግሞ ከሌላ ስፖርት ልጥቀስ፤ ቤዝቦል ይህን ጉዳይ ገላልጦ ያሳያል። ጨዋታው በእያንዳንዱ ውርወራ መካከል ስለሚቆም አሰልጣኙ ያለማቋረጥ እንዲወስን ይገደዳል፣ የወጣ ተጫዋችም አይመለስም። ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ ኳስ ወርዋሪውን መቼ መቀየር ነው። ተመሳሳይ መቺዎች አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት አወራወሩን ስለሚለምዱ በጥቅሉ የተሻለ ይመታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ ሬይስ አሰልጣኝ ኬቪን ካሽ 1 ለ 0 እየመሩ ብሌክ ስኔልን ከ73 ውርወራ በኋላ አወጡት። ስኔል ዘጠኝ ጊዜ መቺ በአወራወሩ ብቻ አስወጥቶ ነበር፤ ቀጥለው ተራቸው የነበሩት ሦስቱ የተጋጣሚው የዶጀርስ መቺዎችም በዚያ ምሽት አንድም ጊዜ አልመቱትም። የገባው ኒክ አንደርሰን ወዲያው መሪነቱን አጣ፣ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሰዉ ሁሉ የተቸው ስኔልን ማውጣቱን ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው የገባው ሰው ይመስለኛል፤ አንደርሰን በዚያ ሰሞን በተከታታይ ጨዋታዎች ነጥብ ሲቆጠርበት የቆየ ነበር። "ይህ ሰው ሊደክም ነው" የሚለው የውሳኔው ግማሽ ብቻ ነው፤ "የሚተካው ዛሬ ከእሱ ይሻላል ወይ" የሚለው ሌላው ግማሽ ነው። ውጤቱን አይተው ውሳኔውን አይፍረዱ፤ ሁለቱም ግማሾች በዚያች ደቂቃ ተመዝነው እንደነበር ይጠይቁ።

በእርስዎ ጨዋታ ትክክለኛው አከፋፈል ይህን በመሰለ ነበር። በ62ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ በአንድ ማስቆም፣ ትኩስ የግራ መስመር አጥቂና ትኩስ አማካይ፤ ከዚያ ሲሻማ የሚመለስ ሰው ይኖራል። በ74ኛው አጥቂውን በሌላ ፈጣን አጥቂ፣ ካስፈለገም ከእሱ ጋር በአንድ ማስቆም የመስመር ተከላካዩን። ሦስተኛው የመሀል ተከላካይ ወንበር ላይ ይቆያል፤ የሚነሳው ተጋጣሚ ሁለተኛ ረጅም አጥቂ ካስገባ ብቻ ነው፣ በአማካይ ምትክ። አምስተኛው ተጫዋችና ሦስተኛው ማስቆሚያ ለ81ኛው ደቂቃ ክራምፕ ይደርሱ ነበር።

ያኮረፈውን ልጅ በተመለከተ፣ ነገሩን በይሉኝታ አያሳድሩት። ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ለብቻው ጠርተው "መውጣት አልነበረብህም፣ ኳስ የምትይዝልን አንተ ነበርክ" ይበሉት። ወጣት ተጫዋች ሲወጣ የሚሰማው "ደካማ ነህ" የሚል ነው፤ ምክንያቱን ካልነገሩት ራሱ ይፈጥረዋል። ወደፊት ደግሞ ማንም ሲወጣ እጁን ጨብጠው ጃኬት ያልብሱት፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው ይንገሩት።

ከዚያ ለቡድኑ ሁሉ ይህን ልምምድ ይሥሩ። ግማሽ ሜዳ ላይ ስድስት አጥቂ በአራት ተከላካይና በአንድ የፊት አጥቂ ላይ፣ ግብ ጠባቂ ጨምሮ። ተከላካዮቹ ኳስ ሲያገኙ ለአጥቂያቸው ይልካሉ፤ እሱ አምስት ሰከንድ ከያዘ አንድ ነጥብ። አራት አራት ደቂቃ ሁለት ዙር፣ በመካከል ሁለት ደቂቃ እረፍት። ከዚያ አጥቂውን አውጥተው በምትኩ አምስተኛ ተከላካይ ያስገቡና ያንኑ ሁለት ዙር ይድገሙ። በአራቱም ዙር የተጠለዘች ኳስ በስንት ሰከንድ ተመልሳ እንደመጣች ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ይቁጠሩ።